ኤሲው ውጭ ሲሰቀል አጠገቡ ቁሙ

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ የእህቴ ባል ደወለልኝ። «ና እስቲ፣ ይሄ ኤሲ ድምፁ አላማረኝም» አለኝ። የሚኖሩት አዳማ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ኤሲውን ካስገጠሙ ገና ሁለት ወራቸው ነበር። በረንዳ ወጥቼ አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ የውጭው ማሽን የተቀመጠበት ብረት የላይኛው ብሎን ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል ወጥቷል። በሮንደላውና በግድግዳው መካከል ክፍተት አለ፣ ከክፍተቱ ግራጫ የብሎኬት ዱቄት ብን ብን ይላል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ወደ ፊት ጎንበስ ይልና ይመለሳል። ልክ ከሥሩ ደግሞ የግቢው ልጆች ብይ ይጫወታሉ።

መጀመሪያ ልጆቹን አስነሳን። ብሬከሩን አጠፋን። ማሽኑን በወፍራም ገመድ አሰርነው፣ ሥሩን በወንበርና በገመድ አጠርነውና ባለሙያ እስኪመጣ ጠበቅን። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። ግን ያ ማሽን 30 ኪሎ ገደማ ነው። እስከ ዛሬ በዚያ ሕንፃ ሥር ሳልፍ ቀና ብዬ አያለሁ።

እኔ የምሠራው የቤት መስመር ዝርጋታ ነው። ኤሲ ከሚገጥሙ ጓደኞቼ ጋር ግን ብዙ ቤት ገብቻለሁ፣ መስመሩን እኔ እሠራለሁ፣ ማሽኑን እነሱ ይሰቅላሉ። ከዚያ ሁሉ ቤት ያየሁት አንድ ነገር ነው። ኤሲ ላይ አደጋ የሚያመጣው ነገር ሁሉ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ አይታይም። ብሎኑ ምን ውስጥ እንደገባ አይታይም። ሽቦው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው አይታይም። የመዳብ ቱቦው ውስጥ አየር ቀርቶ እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም። ኤሲው ሲበራ ይቀዘቅዛል፣ ሁላችንም ደስ ይለናል፣ ሂሳብ ከፍለን እንሸኛቸዋለን። ስለዚህ ማየት ያለባችሁ ሲሠራ ነው። በዚያ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃችሁም ቢሆን ቤት ሁኑ።

ምኑን እንደምታዩ ልንገራችሁ።

ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ከቤት ውስጥ ሙቀት ለቅሞ ውጭ ይደፋል። ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ነጩ ሣጥን ለቃሚው ነው። ውጭ ያለው ደግሞ ደፊው ነው፣ ጋዙን የሚያምቀው ሞተር ኮምፕሬሰሩም፣ ትልቁ ፋንም፣ አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚበላውም እዚያ ነው። ሱቅ ስትገቡ የሚያሳዩዋችሁ ነጩን ነው፣ ሪሞቱን፣ መብራቱን። ክብደቱ፣ ግፊቱና አደጋው ያለው ግን በውጭው ላይ ነው።

ሙቀቱን የሚደፋው ወደ አየር ስለሆነ አየር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አዳማ የራሷ ጠባይ አላት። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ነች፣ አየሩ ከባህር ዳርቻ ከተማ አየር ከ15 ከመቶ በላይ የሳሳ ነው። ያው ፋን ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ማሽኑን ማፈን ሌላ ቦታ ከማፈን ይከፋል። ብዙ ማኑዋሎች ከጀርባው ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ 1 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ክፍት ቦታ ይጠይቃሉ። የእናንተ ማሽን ስንት እንደሚፈልግ ካርቶኑ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ላይ በሥዕል አለ፣ ቋንቋው ባይገባችሁ ሥዕሉ ይገባችኋል።

በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ውስጥ አታስቀምጡት። የተፋውን ሙቅ አየር መልሶ ይስባል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ ከዚያ ወይ በራሱ ይጠፋል ወይ ይቃጠላል። ሌባ ፈርተው በላሜራ ሣጥን የሚዘጉትም አሉ። ስርቆት መፍራታቸው ልክ ነው፣ ላሜራው ግን ልክ አይደለም። ሰፋ ሰፋ ባለ የብረት ዘንግ አሳጥሩት፣ ፊቱ አየር የሚያሳልፍ ይሁን፣ ለጥገና የሚከፈት በርም ይኑረው።

ነፋሱን ደግሞ አትርሱ። ከከተማው ወጣ ብሎ በተራራው ላይ የሚሽከረከሩትን ተርባይኖች ሁላችንም እናውቃለን። አዳማ 1 ላይ 34፣ አዳማ 2 ላይ 102 ናቸው፣ ሁለቱ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ ተብለው የተተከሉ። እዚያ የተተከሉት ነፋስ ስላለ ነው። ያው ነፋስ እናንተ ግድግዳ ላይም ይመጣል። የፋኑ ፊት በቀጥታ ነፋሱ ወደሚመጣበት ከዞረ፣ ማሽኑ የሚተፋው ሙቀት ተመልሶ ፊቱ ላይ ይመታዋል፣ አቧራውም አብሮ ይገባል። ነፋሱ በብዛት ከየት እንደሚመጣ ገጣሚው አያውቅም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የተሰጣ ልብስ ወደ የት እንደሚውለበለብ ማየት ይበቃል። «ነፋሱ ከዚህ ነው የሚመጣው» በሉት፣ ማሽኑን ጎኑን ለነፋሱ ሰጥቶ ይስቀለው።

አሁን ወደ ግድግዳው።

የእህቴ ቤት ምን ነበር የሆነው? ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ኮለኑና ቢሙ (ቋሚውና አግዳሚው ምሰሶ) ኮንክሪት ነው፣ መካከሉ የሚሞላው በብሎኬት ነው። ብሎኬት ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። ድሪሉ ሲገባ መጀመሪያ ልስኑን ይበሳል፣ ከዚያ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር የብሎኬት ቆዳ፣ ከዚያ በድንገት ጥልቅ ይላል። ያን ድምፅ አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም። ሲቦረቦር የነበረው ጩኸት ይቋረጣል፣ ድሪሉ እጁ ላይ ሸርተት ይላል፣ ከቀዳዳው ድንጋይ ሳይሆን ልል ግራጫ ዱቄት ይፈሳል። ባዶ ቦታ ገባ ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ፊሸርም ሆነ እየሰፋ የሚይዘው የብረት ብሎን የሚነክሰው ነገር የለውም። ቁልፉን ሲያዞሩት የጠበቀ ይመስላል። 30 ኪሎ ማሽን ቀን ከሌት እየተንቀጠቀጠ፣ ነፋስ እየገፋው ሲውል ግን ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይሰፋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው የማሽኑን ማስቀመጫ ብረት ኮንክሪቱ ላይ ማሰር፣ ቢም ወይም ኮለን ላይ። እዚያ ሲበሳ ድሪሉ እስከ መጨረሻው ይጮሃል፣ ገጣሚውም ያልበዋል። ኮለኑ ውስጥ ፌሮ ካጋጠመው ቀዳዳውን ትንሽ ፈቀቅ ያድርግ እንጂ ፌሮውን አይቁረጥ። ኮንክሪቱ የማይመች ቦታ ላይ ከሆነ፣ ሁለተኛው መንገድ ረጅም ብሎን ግድግዳውን አሳልፎ፣ ከውስጥ በኩል ሰፊ የብረት ሳህን አድርጎ በዳዶ ማሰር ነው። ከውስጥ አያምርም። ቀለም ይቀባል፣ መጋረጃ ይሸፍነዋል። እህቴ ቤት በመጨረሻ እንዲህ ነው የሠራነው፣ አራት ሳህን፣ እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ የሚያክሉ። እሷ መጀመሪያ «ሳሎኔ ጋራዥ መሰለ» ብላ አኩርፋ ነበር።

ማስቀመጫ ብረቱ ራሱ ከማሽኑ ክብደት በላይ የሚችል፣ ዝገት መከላከያ የተቀባ መሆን አለበት። በማሽኑ እግርና በብረቱ መካከል የጎማ ማረፊያ ይግባ፣ ንዝረቱን ይውጣል። ግቢ ያላችሁ ሰዎች ከሆናችሁ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለባችሁም። መሬት ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የኮንክሪት መቀመጫ አፍስሱለት፣ በብሎን እሰሩት፣ ጎርፍና ትንንሽ ልጆች ከማይደርሱበት ጥግ ይሁን። ልጆች በፋኑ ወንፊት ውስጥ እንጨት መክተት ይወዳሉ።

ስለሚሰቅለው ልጅም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፣ አንድ እግሩ መስኮት ላይ፣ አንድ እግሩ አየር ላይ ሆኖ ነው የሚሠራው። ወገቡ ላይ ቀበቶ ከሌለ፣ ቀበቶው ከኮንክሪት ወይም ከጠንካራ ነገር ጋር ካልታሰረ፣ አይውጣ። «ለምጄዋለሁ እትዬ፣ አይዞሽ» ይላል። እናንተ «ልጄ፣ ገመድ ሳታስር አትወጣም» በሉት። ማሽኑም ሲወርድና ሲወጣ በራሱ ገመድ ይታሰር። ሥሩን አሳጥሩ፣ አንድ ሰው ታች ቆሞ መንገደኛ ይመልስ። የገጣሚው ዋጋ ዝቅ ያለው ብዙ ጊዜ ቀበቶና ሁለተኛ ሰው ስለሌለው ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ መጣሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) የሆነ ተራ ኤሲ ሲሠራ ከ1 ኪሎ ዋት ትንሽ በለጥ ያለ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት አምስት አምፒር ገደማ። 24,000 የሆነው ደግሞ ከዚያ በእጥፍ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል ሰው ያለውን ሶኬት ላይ ይሰካዋል። ችግሩ ያ ሶኬት ብቻውን አይደለም። ብዙ ቤት ውስጥ ከዚያው መስመር ላይ ፍሪጅ አለ፣ ካውያ አለ፣ ባስ ሲል የእንጀራ ምጣድ አለ። ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይጠጣል፣ 16 አምፒር ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ እየተጋገረ፣ ሙቀቱ በርትቶ ኤሲው ሲበራ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ይግላል። ብሬከሩ ትልቅ ከሆነ አይዘልም፣ ሽቦው ነው የሚቃጠለው። አንድ ቤት ገብቼ ያየሁት ሶኬት ነጭ የነበረው ፕላስቲክ እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቡኒ ሆኖ፣ ሹኮው ከውስጥ ቀልጦ ተጣብቆ፣ በፒንሳ ነው የነቀልኩት። ሰዎቹ ያስቸገራቸው «የሆነ ሽታ» ብቻ ነበር።

ስለዚህ ኤሲ የራሱ መስመር ይኑረው። ከብሬከር ሣጥኑ ተነስቶ ሌላ ምንም ሳይነካ ቀጥታ ወደ ኤሲው የሚሄድ። እስከ 12,000 ቢቲዩ ለሆነው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ለትልልቆቹ 4 ካሬ። ብሬከሩ ሽቦውን የሚጠብቅ እንጂ ሽቦው የማይችለውን የሚያሳልፍ አይሁን፣ ለ2.5 ሽቦ 16 ወይም 20 አምፒር ይበቃል። «ብሬከሩ እየዘለለ አስቸገረኝ» ብላችሁ ትልቅ አታስቀይሩ። የዘለለው ሊነግራችሁ የፈለገው ነገር ስላለ ነው። ኤክስቴንሽን በፍጹም።

የመሬት ሽቦ። ይሄን ደጋግሜ ነው የምለው። የውጭው ማሽን የብረት ሣጥን ነው፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ውስጡ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቀን ሽቦ ተፍቆ ሣጥኑን ሊነካ ይችላል። መሬት ካለው ብሬከሩ ወዲያው ይዘላል። ከሌለው ሣጥኑ 220 ቮልት ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ማስቀመጫው ብረት ከበረንዳው ብረት ጋር ከተነካካ በረንዳው ሁሉ አብሮ። ልብስ ልታሰጣ የወጣች እናት እርጥብ እጇን እዚያ ላይ ነው የምታደርገው። ሦስተኛዋ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከማሽኑ እስከ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ እስከ መሬት ድረስ መድረሷን አይታችሁ አረጋግጡ። ባለ 30 ሚሊ አምፒር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ብታስጨምሩ ደግሞ ሰው ከመጎዳቱ በፊት ይቆርጣል፣ ወጪው ሲታሰብ ርካሽ ነው።

አንዳንዱ ሠራተኛ መሬት ሲያጣ ኒውትራሉን (መመለሻ ሽቦውን) ከማሽኑ ቦዲ ጋር ያስረዋል። ፈትሾም ያሳያችኋል፣ ይሠራል። ግን አንድ ቀን ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ላላ ወይም ተቆረጠ እንበል። ያን ጊዜ በመሣሪያው በኩል የመጣው ኤሌክትሪክ መመለሻ ስለሌለው ቦዲውን ሙሉ 220 ያደርገዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፣ ለመጨቃጨቅ አታፍሩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ሲመለስ ቮልቴጁ ዘለል ብሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ፣ ዝቅ ብሎም። ኮምፕሬሰር ደግሞ ከጠፋ በኋላ ውስጡ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ሦስት ደቂቃ ያህል እረፍት ይፈልጋል። ሁለቱንም የሚጠብቅ፣ ቮልቴጅ ሲበላሽ የሚቆርጥና ቆይቶ የሚመልስ መከላከያ ከብሬከሩ አጠገብ ይገጠምለት። ከውጭው ማሽን አጠገብም ለጥገና የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑር። መብራት ጠፍቷል ብላችሁ ግን ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፣ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር መብራቱ ከተቆረጠም በኋላ ቻርጅ ይዞ ይቆያል።

የቀረው ጋዙ ነው። ሰው ጋዝ ሲባል የምድጃ ጋዝ ይመስለዋል። ይሄ ሌላ ነው፣ ሙቀቱን ከቤት ውስጥ ወደ ውጭ የሚያመላልሰው ነው። ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ፣ አር 410 ኤ ወይም አር 32 ይላል፣ አሮጌ ከሆነ አር 22። አር 410 ኤ በሞቃት ቀን ሲሠራ ግፊቱ ከ25 ባር በላይ ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ ሁለት ተኩል ባር ገደማ ነው፣ አሥር እጥፍ ነው እያልኳችሁ ነው። አር 32 ግፊቱ ተመሳሳይ ሆኖ በተጨማሪ በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው። ስለዚህ ቱቦው ሲገጠምና ጋዝ ሲነካ አጠገቡ ሲጋራ፣ ከሰል፣ የቡና ምድጃ አይኑር። ለሠራተኛ ቡና ማፍላት ወጋችን ነው፣ ቡናው ራቅ ብሎ ይፈላ።

አዲስ ኤሲ ጋዙ ፋብሪካ ውስጥ የውጭው ማሽን ውስጥ ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ገጣሚው የሚያገናኘው የመዳብ ቱቦ ውስጥ ግን ያለው የአዳማ አየር ነው፣ አየር ውስጥ ደግሞ እርጥበት አለ። አየሩ ካልወጣ ግፊቱን ከልክ በላይ ያወጣዋል፣ እርጥበቱ ከዘይቱ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል፣ ኮምፕሬሰሩን ከውስጥ ይበላዋል። አንዳንዱ የማሽኑን ጋዝ ትንሽ ለቀቅ አድርጎ «አየሩን ገፋሁት» ይላል። አልገፋውም። እርጥበቱ እዚያው ነው፣ ጋዙም ጎደለ፣ አር 32 ከሆነ ደግሞ የሚቀጣጠል ነገር በረንዳችሁ ላይ ለቀቀ።

ትክክለኛው ቫኪዩም ፓምፕ ነው። የሚሠራበት መንገድ ደስ ይላል። አዳማ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ደርሶ አይደለም፣ 95 አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው። ግፊቱን አሁንም ብትቀንሱት በ80፣ በ50፣ በመጨረሻም በክፍሉ ሙቀት ይፈላል። ፓምፑ ቱቦው ውስጥ ግፊቱን እዚያ ድረስ አውርዶ እርጥበቱን አፍልቶ በእንፋሎት ያስወጣዋል። ለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። አምስት ደቂቃ አይበቃም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት።

ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሰማያዊው ጌጅ ከዜሮ በታች እስከ 30 ተጽፎበታል፣ 30 የሚደርሰው ግን ባህር ጠለል ላይ ነው። እዚህ አዳማ ፓምፑ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ከ24 እስከ 25 አካባቢ ይቆማል፣ ከዚያ በላይ የሚያወጣው አየር የለማ። ስለዚህ መርፌው 30 አልደረሰም ብላችሁ ልጁን አትውቀሱት። በሌላ በኩል መርፌ ብቻ የመጨረሻዋን እርጥበት አይለይም። በዲጂታል መለኪያ ከ500 ማይክሮን (በጣም ትንሽ ግፊት መለኪያ ነው) በታች ካሳያችሁ እጁን ጨብጡት። ዲጂታል ከሌለው ፓምፑን ዘግቶ አሥር ደቂቃ ይጠብቅ፣ መርፌው ከተመለሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው።

የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ የመዳቡ አፍ ላይ ነው። ቱቦው ሲቆረጥ ብናኙ ተጠርጎ፣ አፉ እንደ ጡሩንባ እኩል ተከፍቶ፣ ዳዶው በመጠን መጥበቅ አለበት። ብዙ ያጠበቀ የተሻለ አይደለም፣ መዳቡ ይሰነጠቃል። ለሩብ ኢንቹ ቱቦ ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር ነው፣ ይህን የሚለካ ቁልፍ አለ። በኋላ የሳሙና አረፋ ቀብቶ ያሳያችሁ፣ አረፋው ካደገ ያፈሳል።

ግፊት ለመፈተሽ ደግሞ ናይትሮጅን ብቻ። ከብየዳ ቤት የኦክስጅን ሲሊንደር ተውሶ የመጣ ሰው ካያችሁ ከቤት አስወጡት። ኦክስጅን በግፊት ሆኖ ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ቤት ስትቀይሩ ኤሲ የሚነቀልበትም ቀን እንዲሁ ነው። ጋዙን ወደ ማሽኑ ሲሰበስቡ ቱቦው ተከፍቶ ኮምፕሬሰሩ መሥራት የለበትም፣ አየር ስቦ ከዘይቱ ጋር ሲያምቀው ሊፈነዳ ይችላል።

ሌላው ቀላል ነው። ሁለቱም የመዳብ ቱቦዎች ለየብቻ በስፖንጅ ይሸፈኑ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ ወደ ውጭ ዝቅ ብሎ ይበሳ፣ ውሃው በቱቦ እስከ ታች ይውረድ እንጂ ከታች ያለችው ጎረቤት ልብስ ላይ አይንጠባጠብ። አቧራችንን ታውቁታላችሁና ከበጋው ሙቀት በፊት የውጭውን ማሽን ብሬከር አጥፍታችሁ በቀስታ በሚፈስ ውሃ እጠቡት። በመኪና ማጠቢያ ግፊት አይሆንም፣ ስስ ክንፎቹ ይታጠፋሉ።

ከተገጠመ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ቆዩና፣ በተለይ ነፋስ በበዛበት ሳምንት ማግስት፣ ያንኑ ባለሙያ ጠርታችሁ ብሎኖቹን ያጥብቅላችሁ። ከመሄዱ በፊት በእያንዳንዱ ዳዶና ብሎን ላይ በቀለም አንድ መስመር ያስምር። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ከሆነ ምንም አልላላም። ከተሰበረ ላልቷል። እህቴ አሁን ልብስ ስታሰጣ አራቱን መስመሮች በዓይኗ ታያለች።